ግሬስ ሆፐር እና የተሳሳተው አድራሻ

 በዚህ የታሪክ ዓምድ እስካሁን በብዛት ያነሣነው የኢስላም ዑለማዎችን ሕይወት ነው። የዛሬዋ ባለታሪክ ግን ሙስሊም አይደለችም። አሜሪካዊት የሒሳብ ምሁርና የባሕር ኃይል መኮንን ነበረች፤ ከሞተች ከሠላሳ ዓመት በላይ አልፏል። ለምን መረጣችኋት ለሚለን መልሱ ያለው ኮምፒውተር ላብራቶሪ ውስጥ ነው። በሲ ቋንቋ የተጻፈ ፕሮግራም ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ ኮምፓይል ይሆንና ሥራ ሲጀምር ሴግመንቴሽን ፎልት ብሎ ይወድቃል። ሌላ ጊዜ ደግሞ ሳይወድቅ የተሳሳተ ቁጥር ያወጣል። ይህ የሜሞሪ ስህተት ነው። ግሬስ ሆፐር የመጀመሪያዎቹን ኮምፓይለሮች ለመሥራት የተነሣችው ይህንኑ የመሰለ ስህተት ከሰው እጅ ለማውጣት ነበር፤ በየቦታው የሚነገርላት ታሪክ ግን የአንዲት የእሳት እራት ወሬ ብቻ ሆኖ ቀርቷል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ከሌላ የትምህርት ክፍል ለሆናችሁ አንባቢዎች ነገሩን በዶርም እናስረዳ። የኮምፒውተር ሜሞሪ ቁጥር የተለጠፈባቸው ክፍሎች ያሉት ረጅም ሕንፃ ነው እንበል፤ የክፍሉ ቁጥር አድራሻ ይባላል። ፕሮግራሙ ከፕሮክተሩ አሥር ክፍል ተረክቦ የአሥራ አንደኛውን በር ከከፈተ የሌላ ሰው ዕቃ ላይ ይደርሳል። ቁልፉን ሲመልስ ቅጂ አስቀርቶ በሚቀጥለው ሴሚስተር ቢመለስ፣ አልጋው ላይ ሌላ ተማሪ ተኝቷል። አዲስ በገባበት ክፍል የቀድሞው ተማሪ ጥሎት የሄደውን ዕቃ የራሴ ነው ብሎ ቢጠቀምበትም ስህተት ነው። ቁልፍ እየወሰደ ጨርሶ የማይመልስ ደግሞ ሕንፃውን ቀስ በቀስ ያጣብበዋል፤ ይህኛው ሜሞሪ ሊክ ይባላል። የአራቱም ክፋት አንድ ነው፦ ጥፋቱ የተፈጸመበት ቦታና ምልክቱ የሚታይበት ቦታ ይራራቃሉ። በስህተት አሥራ አንደኛው ክፍል የገባው ዕቃ የሚያመጣው ጣጣ የክፍሉ ባለቤት በሩን እስኪከፍት ድረስ አይታወቅም፤ ሲታወቅም መጀመሪያ የሚጠረጠረው ባለቤቱ ነው።

ግሬስ ብሩስተር መሪ ዲሴምበር 9 ቀን 1906 በኒውዮርክ ከተማ ተወለደች፤ ከሦስት ልጆች የመጀመሪያዋ ነበረች። ሰባት ዓመት ሲሆናት የማንቂያ ሰዓት እንዴት እንደሚሠራ ለማወቅ አንዱን ፈታችው። መልሳ መግጠም ሲያቅታት አሠራሩን ለማየት ሁለተኛውን፣ ከዚያ ሦስተኛውን እያለች በቤቱ ያሉትን ሰባት ሰዓቶች በታተነች። እናቷ ነገሩ ሲገባት ከልከል አላደረገቻትም፤ ከእንግዲህ መፍታት የምትችይው አንዱን ብቻ ነው ብላ ወሰነችላት። አባቷ በኢንሹራንስ ሥራ የሚተዳደር፣ በሕመም ምክንያት ሁለት እግሮቹን ያጣ ሰው ነበር። ሴቶች ልጆቹ ራሳቸውን የሚችሉበት ትምህርት እንዲኖራቸው አጥብቆ ይፈልግ ነበር። ቫሳር ኮሌጅ መጀመሪያ ስታመለክት በላቲን ፈተና ምክንያት አልተቀበላትም፤ በዓመቱ ገባች። በ1928 በሒሳብና በፊዚክስ ተመረቀች፣ ከየል ዩኒቨርሲቲ በ1930 ሁለተኛ ዲግሪዋን፣ በ1934 ፒኤችዲዋን ያዘች። እየተማረችም ቫሳር ታስተምር ነበር። በ1930 ቪንሰንት ሆፐር የተባለ መምህር አገባች፤ ልጅ ሳይወልዱ በ1945 ተፋቱ፤ ስሙን ግን እስከ ዕለተ ሞቷ ይዛው ቆየች።

አሜሪካ ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስትገባ ባሕር ኃይል ለመቀጠር አመለከተች። ዕድሜዋ ከፍ ያለ፣ ክብደቷ ደግሞ ከተፈለገው ያነሰ ስለነበር መለሷት። ልዩ ፈቃድ አግኝታ በዲሴምበር 1943 ወደ ተጠባባቂው ባሕር ኃይል ገባች፤ ሥልጠናውን ከክፍሉ አንደኛ ሆና ጨረሰች። መርከብ ላይ ትሄዳለች ተብሎ ሲጠበቅ በጁላይ 1944 የተመደበችው ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ፣ በሃዋርድ ኤከን የሚመራ አንድ ክፍል ውስጥ ነበር። እዚያ የሚጠብቃት 15 ሜትር ገደማ ርዝመት፣ 5 ቶን ገደማ ክብደት ያለው ማርክ 1 የተባለ የሒሳብ ማሽን ነው።

ማርክ 1ን ጠጋ ብለን ብናየው ይጠቅመናል። በሥራ ላይ ያሉ ቁጥሮችን የሚይዝባቸው ማስቀመጫዎች 72 ብቻ ነበሩ፤ እያንዳንዳቸው 23 አሃዝ ይይዛሉ። ትዕዛዙ ሜሞሪ ውስጥ አይገባም፤ ረጅም የወረቀት ጥቅልል ላይ በሚበሱ ቀዳዳዎች ይጻፋል። አንዱ የትዕዛዝ መስመር የሚናገረው ሦስት ነገር ነው፦ ቁጥሩ ከየትኛው ማስቀመጫ ይወሰድ፣ የት ይቀመጥ፣ ምን ይደረግበት። አንድ ቀዳዳ ከቦታው ከተዛነፈ ቁጥሩ ሌላ ማስቀመጫ ውስጥ ይገባል። ማሽኑ ቅሬታ የለውም፤ ሥራውን ይቀጥላል። ዛሬ በሲ ፕሮግራም ውስጥ የሚያስቸግረን ስህተት አያቱ ይኸው ነው። የሃርቫርዱ ቡድን መከላከያው ትዕግሥት ነበር፤ መልሱ አስቀድሞ የሚታወቅ ሒሳብ እየሰጡ መፈተን፣ በመሐል የወጡ ውጤቶችን እያተሙ ከእጅ ሥሌት ጋር ማስተያየት። የተሳሳተውን ቀዳዳ በቁራጭ ወረቀት ለጥፈው ይደፍኑታል። እንዲህ የተለጣጠፈ ጥቅልል ዛሬም ተጠብቆ ይገኛል።

ሥራው የጦርነት ሥራ እንደነበር ሳንጠቅስ ማለፍ አንፈልግም። በ1944 ጆን ቮን ኖይማን ይዞት የመጣው ስሌት ለአቶሚክ ቦምቡ እንደነበር ኋላ ታውቋል። ማሽኑ ትክክል ማስላቱና የተሰላለት ነገር ትክክል መሆኑ ለየብቻ የሚጠየቁ ጥያቄዎች ናቸው፤ ሁለተኛው ጥያቄ በዚህ ጽሑፍ አይመለስም።

ኤከን የማሽኑን መመሪያ መጽሐፍ እንድትጽፍ አዘዛት። ከ500 ገጽ በላይ የሆነው መጽሐፍ በ1946 ታተመ። በእነዚያ ዓመታት እሷና የሥራ ባልደረቦቿ ሪቻርድ ብሎክና ሮበርት ካምቤል አንድ ልማድ አዳበሩ። ተፈትኖ ትክክል መሆኑ የተረጋገጠ የፕሮግራም ቁራጭ ሲያገኙ ደብተራቸው ላይ ይገለብጡታል፤ ሌላው ሲያስፈልገው ተውሶ ወደ ራሱ ሥራ ያስገባዋል። ይህን ደብተር አንባቢያችን ልብ ይበልልን፤ የታሪኩ ዋና ነገር ከዚያ ይወጣል።

አሁን ወደ እሳት እራቷ። ሴፕቴምበር 9 ቀን 1947 ማርክ 2 የተባለው ተከታይ ማሽን ሲያስቸግር ፓነል ኤፍ ላይ ባለው 70ኛ ሪሌይ ውስጥ አንዲት የእሳት እራት ተጣብቃ ተገኘች። ሠራተኞቹ አውጥተው በመዝገብ ደብተሩ ላይ በፕላስተር ለጠፏት፤ ከሥሯም በእውነት ነፍሳት የሆነ ባግ ሲገኝ ይህ የመጀመሪያው መሆኑን በቀልድ ጻፉ። ደብተሩ ዛሬ በስሚዝሶኒያን ተቋም፣ የአሜሪካ ታሪክ ብሔራዊ ሙዚየም ውስጥ አለ። ከዚህ ተነሥቶ ባግ የሚለውን ቃል የፈጠረችው ሆፐር ናት፣ እራቷንም ያገኘቻት እሷ ናት የሚል ወሬ በማኅበራዊ ሚዲያው ይዞራል። ሁለቱም ትክክል አይደሉም። ቃሉን ቶማስ ኤዲሰን በ1870ዎቹ ሲጠቀምበት ነበር፤ የደብተሩ ቀልድ ራሱ የሚያስቀው ቃሉ አስቀድሞ ስለነበረ ነው። እራቷን ያገኙት በማሽኑ ላይ ይሠሩ የነበሩ ሰዎች ናቸው፤ ሆፐር ታሪኩን ደጋግማ ስላወራችው ስሟ ተጣብቆበት ቀረ። ይህ ማን ከማን ሰማ ለሚል ጥያቄ ትልቅ ዋጋ በምንሰጥ በእኛ ዘንድ በቀላሉ መታለፍ የለበትም። ሴትየዋን ለማክበር የሐሰት ታሪክ አያስፈልግም፤ እውነተኛው ይበልጣልና።

ሃርቫርድ ለሴት ቋሚ የማስተማር ቦታ አልነበረውም፤ የጊዜ ውሏ ሲያልቅ በ1949 ወደ ፊላደልፊያ ሄደች። የሕይወት ታሪኳን ያጠኑ ሰዎች እንደጻፉት በነዚያ ዓመታት በመጠጥ ክፉኛ ተጎድታ፣ ራሷን እስከ ማጥፋት ሙከራ የደረሰችበት ጊዜ ነበር። ጓደኞቿ ደግፈዋት ወጣች። በፊላደልፊያ የተቀጠረችው በኤከርትና ሞክሊ የኮምፒውተር ኩባንያ ነው፤ ኩባንያውን በ1950 ሬሚንግተን ራንድ ገዛው።

እዚያ ባይናክ የተባለው ማሽን በስምንት ቤት ቁጥር ይሠራ ስለነበር እሷም በስምንት ቤት መደመርና መቀነስ ለመደች። ትንሽ ቆይቶ የባንክ ደብተሯ ሒሳብ ከባንኩ ጋር አልገጥም አላት። ባንክ ቤት የሚሠራ ወንድሟ ደረሰኞቹን ዘርግቶ ሲመረምር ነገሩ ተገለጠ፤ እኅቱ አንዳንዱን ቅናሽ በአሥር ቤት፣ አንዳንዱን በስምንት ቤት ነበር የሠራችው። ሆፐር ይህን እየሳቀች ብታወራውም ቁም ነገር ይዛበታለች። ሰው ወደ ማሽን እንዲጠጋ ከማስገደድ ማሽኑ ወደ ሰው እንዲጠጋ ማድረግ ይሻላል የሚለው ሐሳቧ ከዚያ ወዲህ እየጠነከረ መጣ።

ዩኒቫክ 1 ሲሠራ ትዕዛዝና ቁጥር በአንድ ሜሞሪ ውስጥ ሆኑ። ሜሞሪው ሜርኩሪ በሞላባቸው ቱቦዎች ውስጥ የሚመላለስ የድምፅ ሞገድ ነበር። ጠቅላላ ይዞታው 1000 ቃል፣ በእያንዳንዱ ቃል 12 ፊደል ወይም አሃዝ፣ አድራሻው ከ000 እስከ 999። ደብተሩ እዚህም ተከተላት። የሳይን ዋጋ የሚያሰላ ንዑስ ፕሮግራም በደብተር ላይ ሲጻፍ ከአድራሻ 0 እንደሚጀምር ተደርጎ ነው። አዲሱ ፕሮግራም ውስጥ የሚገባው ከ340 ጀምሮ ከሆነ፣ በውስጡ ባለው በእያንዳንዱ አድራሻ ላይ 340 መደመር አለበት። 7 የነበረው 347 ይሆናል። ሰው በድካም 374 ብሎ ከጻፈ ማሽኑ 374 ድረስ ሄዶ ያገኘውን ያነባል። እዚያ ያለው ሌላ ስሌት ይሁን፣ ትዕዛዝ ይሁን፣ ካለፈው ሥራ የቀረ ትርፍራፊ ይሁን ለማሽኑ ልዩነት የለውም። ከዶርሙ ምሳሌ ጋር አስተያዩት።

ሆፐር ያስተዋለችው ቀላል ነገር ነው። ፕሮግራመሮች ጥሩ ደማሪዎች አልነበሩም፤ ጥሩ ገልባጮችም አልነበሩም። በእጅ ጽሑፍ 4 የነበረው ባዶ ቦታን የሚያመለክት ሦስት ማዕዘን ይሆናል፤ ቢ የተባለው ፊደል 13 ተብሎ ይነበባል። መደመርና መገልበጥ ደግሞ ማሽኑ ከማንም በላይ የሚችላቸው ሥራዎች ናቸው። እንግዲያው ደብተሩን በሙሉ ማግኔት ቴፕ ላይ ማስፈር፣ ለእያንዳንዱ ንዑስ ፕሮግራም የመጥሪያ ቁጥር መስጠት፣ ሰው የመጥሪያ ቁጥሮቹን ብቻ በቅደም ተከተል እንዲጽፍ ማድረግ። ማሽኑ ራሱ ቁራጮቹን ከቴፑ ያመጣል፣ በቦታቸው ይደረድራል፣ አድራሻዎቹን ይደምራል። ከኦክቶበር 1951 እስከ ሜይ 1952 ይህን የሚያደርግ ፕሮግራም ጻፈች፤ ስሙም ኤ-ዜሮ ነው። ቁራጮችን ሰብስቦ ስለሚያጠናቅር ኮምፓይለር አለችው። ነገሩን በትክክል ለመናገር፣ ኤ-ዜሮ ዛሬ ኮምፓይለር ከምንለው ይልቅ ሊንከር የምንለውን ይመስላል፤ ሲ የምትማሩ እህቶችና ወንድሞች ዕለት ዕለት ከኮምፓይለሩ በኋላ ሳይታያችሁ የሚሠራው እሱ ነው።

አንድ ችግር ግን ቀርቶ ነበር። ኤ-ዜሮ ፕሮግራሙን ከላይ ወደ ታች አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚያልፈው። ገና ወዳልተቀመጠ ክፍል ዝለል የሚል ትዕዛዝ ሲገጥመው የክፍሉ አድራሻ አይታወቅም። መፍትሔው የመጣላት ኮሌጅ እያለች ትጫወተው ከነበረው ቅርጫት ኳስ ነው። በጊዜው የሴቶች ሕግ ኳሱን እንደ ልብ እያነጠሩ መሮጥ አይፈቀድም፤ ተጫዋቿ ኳሱን ለጓደኛዋ ትወረውርና ወደ ቅርጫቱ ሮጣ እዚያ መልሳ ትቀበላለች። ሆፐርም ከሜሞሪው አንድ ጥግ ለብቻ አስቀረች። ወደፊት የሚዘልለው ትዕዛዝ መጀመሪያ ወደዚያ ጥግ ይሄዳል፤ ክፍሉ ቦታውን ሲያገኝ እውነተኛው አድራሻ ጥጉ ላይ ይጻፍለታል። በሜይ 1952 በፒትስበርግ በተደረገ የኮምፒውተር ማኅበር ጉባኤ ላይ ሐሳቧን አቀረበች። ብዙዎች አላመኗትም፤ ኮምፒውተር ሒሳብ እንጂ ፕሮግራም አይሠራም ይሉ ነበር።

ቀጥሎ የመጣው በፍጥነት ይነገራል። ሥራው በእንግሊዝኛ ቃላት ትዕዛዝ ወደሚቀበል ፍሎው-ማቲክ ወደተባለ ቋንቋ አደገ። ለኩባንያው አለቆች ስታሳይ ያንኑ ፕሮግራም በፈረንሳይኛና በጀርመንኛ ቃላትም አስኬደችው። አለቆቹ ደነገጡ፤ ፊላደልፊያ ውስጥ የተሠራ የአሜሪካ ማሽን እንዴት ፈረንሳይኛ ይገባዋል አሉ። ለማሽኑ ግን ሁሉም የቁጥር ቅርጽ ነው፤ በአማርኛ ቢሆንም ያው ነበር። በሜይ 1959 መከላከያ ሚኒስቴሩ ባለበት በፔንታጎን በተጠራ ስብሰባ ለንግድና ለመንግሥት ሥራ አንድ የጋራ ቋንቋ እንዲወጣ ተወሰነ፤ ያ ቋንቋ ኮቦል ሆነ። ቋንቋውን የነደፈው ኮሚቴ ነው፣ ሆፐር አማካሪ ነበረች፤ ፍሎው-ማቲክ ግን ዋናው መነሻው ነበር። በዲሴምበር 1960 አንዱ የኮቦል ፕሮግራም በሁለት የተለያዩ ኩባንያዎች ማሽኖች ላይ ሠራ።

በ1966 መጨረሻ ባሕር ኃይሉ በዕድሜ ጡረታ አሰናበታት። በኦገስት 1967 ለስድስት ወር ብቻ ተብላ ተጠራች፤ የቆየችው 19 ዓመት ነው። የተሰጣት ሥራ ከርዕሳችን ጋር በጣም ይገናኛል። ባሕር ኃይሉ ከብዙ ፋብሪካዎች ኮምፒውተር ይገዛ ነበር፤ የእያንዳንዱ ኮምፓይለር ኮቦልን በየራሱ መንገድ ይተረጉመዋል። የሆፐር ቡድን ኮምፓይለሮቹን ራሳቸውን የሚፈትኑ ፕሮግራሞች አዘጋጀ። ስህተት ፈላጊው መሣሪያም መመርመር አለበት ማለት ነው። በ1973 ካፒቴን፣ በ1983 ኮሞዶር ሆነች፤ ማዕረጉ በ1985 ሪር አድሚራል ተባለ። በየዩኒቨርሲቲው እየዞረች ስታስተምር 30 ሴንቲሜትር ገደማ የሆነ የሽቦ ቁራጭ ለተማሪዎች ታድል ነበር፤ ብርሃን በአንድ ቢሊዮንኛ ሰከንድ የሚሄደው ርቀት ነው። ከሠራችው ሁሉ የምትኮራው በኮምፓይለሩ ሳይሆን ባሠለጠነቻቸው ወጣቶች እንደሆነ ትናገር ነበር። ኦገስት 14 ቀን 1986 ቦስተን ወደብ ላይ፣ ኮንስቲትዩሽን በተባለችው ጥንታዊ የጦር መርከብ ላይ በ79 ዓመቷ ተሰናበተች። ጃንዋሪ 1 ቀን 1992 በ85 ዓመቷ አረፈች፤ በአርሊንግተን ብሔራዊ መቃብር ተቀበረች።

ታዲያ አድራሻውን ከሰው እጅ ካወጣችው፣ እኛ ዛሬ ለምን እንቸገራለን? የድሮው ኮቦል ፕሮግራመሩ የዕቃዎቹን መጠን አስቀድሞ እንዲያስታውቅ ያደርጋል እንጂ አድራሻ አያስይዘውም። በ1972 ገደማ በቤል ላብራቶሪ ዴኒስ ሪቺ የሠራው ሲ ግን ኦፐሬቲንግ ሲስተም ለመጻፍ የታሰበ ስለነበር አድራሻውን ፖይንተር በሚል ስም ለፕሮግራመሩ መለሰለት። ኃይሉ ትልቅ ነው፤ ሆፐር የሸሸችው መደመርም አብሮ ተመለሰ። በኖቬምበር 1988፣ እሷ በሕይወት እያለች፣ በኢንተርኔት የተሠራጨው የሞሪስ ትል ከገባባቸው ቀዳዳዎች አንዱ ከልኩ በላይ የሚሞላ የሜሞሪ ቋት ነበር። በ2014 የታወቀው ኸርትብሊድ የባንክና የኢሜይል አገልጋዮች በአንድ ጥያቄ እስከ 64 ኪሎባይት ድረስ የማይገባ ሜሞሪ እንዲያፈስሱ ያደርግ ነበር። በ2019 የማይክሮሶፍት መሐንዲሶች በየዓመቱ ከሚዘጓቸው የደኅንነት ቀዳዳዎች 70 በመቶ ገደማው የሜሞሪ ስህተት መሆኑን አስታውቀዋል።

ሆፐር በሞተችበት በዚያው ወር ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ በተደረገ ጉባኤ ሪድ ሄስቲንግስና ቦብ ጆይስ ፒዩሪፋይ የተባለ መሣሪያ አስተዋወቁ። ኮምፓይል በሆነው ፕሮግራም ውስጥ ሜሞሪ በሚነበብበትና በሚጻፍበት ቦታ ሁሉ ምርመራ ያስገባል። ለእያንዳንዱ ባይት ያልተሰጠ፣ የተሰጠ ግን ያልተጻፈበት፣ ወይም የተጻፈበት የሚል ምልክት ይይዛል። ፕሮክተሩ በየበሩ ዘብ አቆመ እንደማለት ነው። በ2002 የወጣው ቫልግሪንድ ፕሮግራሙን እንደገና ኮምፓይል ሳያደርግ በሰው ሠራሽ ፕሮሰሰር ላይ ያስኬደዋል፤ ቀርፋፋ ነው፣ ፍጥነቱን ከአሥር እጥፍ በላይ ሊቀንሰው ይችላል። በ2012 የጉግል መሐንዲሶች ያቀረቡት አድረስ ሳኒታይዘር ምርመራውን ለኮምፓይለሩ ሰጠው። ለ8 ባይት 1 ባይት መዝገብ ይይዛል፣ በአሬዮች ዙሪያ መርዝ የተቀባ አጥር ያኖራል፣ የተለቀቀውን ሜሞሪም ወዲያው ለሌላ ሳይሰጥ ለጊዜው ያግደዋል። ፍጥነቱን የሚቀንሰው በግማሽ ገደማ ብቻ ነው። የሆፐር ሐሳብ ሙሉ ዞሮ መጣ፤ ሰው የማይችለውን የአድራሻ ጥበቃ ኮምፓይለሩ ራሱ ይሠራል።

የአድረስ ሳኒታይዘርን ሪፖርት ያየ የዒልመል ሐዲሥ ተማሪ አንድ የሚያውቀው ነገር ያገኛል። የተለቀቀ ሜሞሪ ተነክቶ ሲገኝ ሪፖርቱ ሦስት ሰንሰለት ይዘረዝራል፦ አሁን የነካው ማን ነው፣ እሱን ማን ጠራው፣ ያንንስ ማን፤ ከዚያ ሜሞሪውን የለቀቀው ማን ነበር፤ በመጨረሻም መጀመሪያ የተረከበው ማን ነበር። የኢስናድ አሠራር ነው። ሙሐዲሶች ዘጋቢው ታማኝ መሆኑ ብቻ አይበቃቸውም፤ የሚይዝበት አእምሮ ጽኑ መሆኑን፣ መቼም እንደተቃወሰ ይመረምሩ ነበር። ዐጣእ ኢብኑ ሳኢብ በዕድሜው መጨረሻ ትውስታው ሲደበላለቅበት ሁሉን ዘገባውን አልጣሉም፤ እነ ሹዕባና ሱፍያን ቀደም ብለው የሰሙትን ከዚያ በኋላ ከተሰማው ለዩት። ንጽጽራችን በአሠራሩ ብቻ ነው፤ የሐዲሥ ክብር ከማሽን ጋር አይለካም። ነገር ግን ስህተቱ የታየበትን ቦታ ሳይሆን የገባበትን ቦታ መፈለግ ለእኛ አዲስ ትምህርት አይደለም። ከመካከላችን ነገ የክሊኒክ መዝገብ ወይም የባንክ ሒሳብ ሶፍትዌር የሚጽፉ አሉ። የሚወድቅ ፕሮግራም ቢያንስ ራሱን ያጋልጣል። የማይወድቀውና የአንዱን ታካሚ የመድኃኒት መጠን በሌላው ላይ የሚጽፈው ግን የሰው አማና ያጠፋል። አንድ የማተሚያ መስመር ሲጨመርበት ስህተቱ ተሰወረ ተብሎ የሚረከቡት የመመረቂያ ፕሮጀክት ከዚህ ዓይነቱ ነው፤ መስመሩ ዕቃዎቹን በሜሞሪ ውስጥ ትንሽ ገፋ አደረጋቸው እንጂ ስህተቱ እዚያው አለ።

ለመሞከር ለምትፈልጉ፦ ፕሮግራሙን ከዲበግ መረጃ ጋር፣ ማፍጠኛውን ቀንሳችሁ፣ የአድረስ ሳኒታይዘርን አማራጭ ሰጥታችሁ ኮምፓይል አድርጉት። እሱ ያልተጻፈበት ሜሞሪ ሲነበብ አይናገርም፤ ለዚያ ያለ ሳኒታይዘር እንደገና ኮምፓይል አድርጋችሁ በቫልግሪንድ አስኪዱት፤ ሁለቱ በአንድ ጊዜ አይሠሩም። ቫልግሪንድ ደግሞ በስታክ ላይ ያለ አሬይ ከልኩ ሲያልፍ ብዙ ጊዜ አያይም፤ ያንን የሚይዘው ሳኒታይዘሩ ነው። ሪፖርቱ ረጅም ከሆነ ከላይ ያለውን የመጀመሪያውን ስህተት አርሙና እንደገና አስኪዱት፤ ከሥሩ ከተደረደሩት ብዙዎቹ የእሱ ልጆች ናቸው።